ከጥምቀት በፊት ጋብቻ፦ በፊሊፒንስ የአንድ ቤተሰብ የ14 ሳምንት ዝግጅት

መነሻ

በውጭ አገር የሚያገለግሉ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሚስዮናውያን ደጋግመው የሚገጥማቸው አንድ ችግር አለ። ሰውየው አምኗል፣ መጠመቅ ይፈልጋል፣ ቀን ተቆርጦለታል፤ ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ያለ አንድ ወረቀት ያስቆመዋል። እዚህ የቀረበው ጉዳይ የዚህ ዓይነት ነው። የሰዎቹም የከተማውም ስም ሆን ተብሎ ተትቷል። (ብዙ ሰው ቤተክርስቲያኑን "ሞርሞን" ይለዋል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን መሪዎቹ ሙሉ ስሙ እንዲጠራ ጠይቀዋል።)

ቦታው በፊሊፒንስ ቪሳያስ ከሚባሉት ደሴቶች በአንዱ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ነች። የአካባቢው ቋንቋ ሴቡዋኖ ነው። ከሁለቱ ሚስዮናውያን አንዱ አሜሪካዊ ሲሆን ሴቡዋኖ መናገር ከጀመረ አምስት ወሩ ነው፤ ሌላው ፊሊፒናዊ ነው። ወንዶች 24 ወር ያገለግላሉ፣ ሁልጊዜም ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፣ የሚመደቡበትን ቦታ ራሳቸው አይመርጡም። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ዝውውር ስለሚኖር ጥንዶቹ ይለዋወጣሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

ቤተሰቡ አምስት ነው። አባት 41 ዓመቱ ሲሆን ትራይሲክል ያሽከረክራል፤ ትራይሲክል ጎኑ ላይ የተሳፋሪ መቀመጫ የተገጠመለት ሞተር ነው። እናት 36 ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ደጃፍ ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። ልጆቹ 12፣ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው። የእናቲቱ እናት ከእነሱ ጋር ትኖራለች፤ ጠንካራ ካቶሊክ ነች። ባልና ሚስቱ አብረው መኖር ከጀመሩ 14 ዓመት ሆኗቸዋል።

ቀኑ የተቆረጠው ቀድሞ ነው

በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ቤተክርስቲያኑ ዳግም መመለስና ቤተክርስቲያኑ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ስለሚቀበለው መጽሐፈ ሞርሞን ተማሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለተኛውና ሦስተኛው ትምህርት ተሰጠ። የሚስዮናውያኑ መመሪያ ሰዎችን ቶሎ ወደ ጥምቀት መጋበዝን ያበረታታል፤ ስለዚህ በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ እንዲጠመቁ ተስማሙ። እሁድ እሁድ ቅዱስ ቁርባን ስብሰባ ላይ አልቀሩም። 12 እና 9 ዓመት የሆናቸው ልጆችም በወላጆቻቸው ፈቃድ ይጠመቁ ነበር፤ የአራት ዓመቱ ግን አይጠመቅም፤ በዚህ ቤተክርስቲያን ከ8 ዓመት በታች ጥምቀት የለም።

እጩዎቹን ያስተማረ ሰው የጥምቀት ቃለ መጠይቁን አያደርግም። ይህ የአካባቢው ሚስዮናውያን ቡድን መሪ ሥራ ነው፤ እሱም ከሁለቱ ጥንድ ውጭ የሆነ ወጣት ነው። ረቡዕ ዕለት አባትየውን ብቻውን አስቀምጦ ጥያቄዎቹን በተራ ጠየቀው። የንጽህና ሕግ ላይ ሲደርስ በሕጋዊ ጋብቻ ካልሆነ በቀር ግንኙነት እንደማይፈቀድ አብራራና አንድ ተራ ጥያቄ ጨመረ።

"የተጋባችሁት የት ከተማ ነው?"

አባትየው ዝም አለ። በመጨረሻ "አልተጋባንም" አለ።

ስህተቱ የት ላይ እንደነበር መለየት ከባድ አይደለም። በሴቡዋኖ ባል "ባና"፣ ሚስት "አሳዋ" ይባላል፤ በወረቀት ያልተጋቡ ሰዎችም ለረጅም ጊዜ አብረው ከኖሩ በእነዚሁ ቃላት ይጠራራሉ። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ቃሉን ሲሰማ ጋብቻ ነው ብሎ ያዘ። ፊሊፒናዊው ጓደኛው ሊገምት ይችል ነበር፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ ሦስት ልጅ እያለ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንሳት አሳፈረው። ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት አልጠየቁም።

ቃለ መጠይቁ ቆመ፣ ቅዳሜ ተሰረዘ። አባትየው በዚያ ምሽት ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ የነገራት "አይፈልጉንም" ብሎ ነው። ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት ቤተሰቡ እሁድ አልመጣም።

እንደገና በሩ የተከፈተው በማን ነው

ሚስዮናውያኑ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አራት ጊዜ ሄደው አንኳኩ። ሁለቱን ጊዜ አያትየዋ ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ሚስዮናዊ ሕፃን ሳለ የተደረገ ጥምቀት ለምን እንደማይበቃ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ይህ ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ በጣም የከፋው ነበር። አሮጊቷ ልጃቸው በተወለደች በወሩ እቅፋቸው ውስጥ ተጠምቃለች፤ አንድ የ20 ዓመት ልጅ መጥቶ ያ ጥምቀት አይቆጠርም ሲላቸው ምን ይሰማቸው ነበር?

የሠራው ነገር ሌላ ነው። የቅርንጫፉ፣ ማለትም የአካባቢው ትንሽ ጉባኤ፣ የሴቶች መረዳጃ ማኅበር አባል የሆነች አንዲት ሴት ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ አልፋለች፤ መጀመሪያ ተጋብታ፣ ከዚያ ተጠምቃ። እሷ ብቻዋን ሄዳ ከእናቲቱ ጋር ሱቁ ፊት ተቀምጣ አወራች። ስለ ትምህርት ምንም አላነሳችም። የነገረቻት ሁለት ነገር ነው፤ ቃለ መጠይቁ ቆመ እንጂ እንዳልተዘጋ፣ ወረቀቱ ደግሞ ከየት መስኮት እንደሚጀመር። በሰባተኛው ሳምንት ቤተሰቡ ተመለሰ።

ወረቀቱ

የፊሊፒንስ የቤተሰብ ሕግ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። በመደበኛው መንገድ የሚጋቡ ሰዎች ከሁለቱ አንዱ በሚኖርበት ከተማ ወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ዘንድ ቀርበው የጋብቻ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ማመልከቻው ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ለ120 ቀናት ይሠራል። ከዚህም በተጨማሪ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ወላጅነት ኃላፊነት የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል ያስፈልጋል።

አቋራጭም አለ። በሕጉ 34ኛ አንቀጽ መሠረት ቢያንስ አምስት ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩና ለመጋባት ሕጋዊ እንቅፋት የሌላቸው ሰዎች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ የቃለ መሐላ ሰነድ ይበቃቸዋል። 14 ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። አንድ ዘመዳቸው ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወስዷቸው ቃለ መሐላውን አስጻፉ። ሚስዮናውያኑም አዲስ ቀን ለመቁረጥ ተዘጋጁ፤ አንድ ጊዜ ከተመቱበት ነገር ያልተማሩት እዚህ ላይ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ሰነዱን አንብባ አባትየውን ከዚህ በፊት አግብቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አግብቶ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ከ16 ዓመት በፊት ትታው ወደ ሌላ ደሴት ሄዳለች፤ የሞተችው ግን ገና ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሙስሊም ላልሆኑ ዜጎች ፍቺ በማይፈቀድበት አገር ውስጥ፣ እሷ እስከሞተችበት ቀን ድረስ በሕግ ዓይን የእሷ ባል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ የአምስቱ ዓመት ቆጠራ ያለ እንቅፋት የታለፈ መሆን አለበት ብሏል። ስለዚህ ከ14ቱ ዓመት የሚቆጠርላቸው ሦስቱ ብቻ ነው። በዚያ ቃለ መሐላ ቢጋቡ ኖሮ ጋብቻው ከመነሻው ዋጋ ቢስ ይሆን ነበር። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ያሳየችው ያቺ የመስኮት ሠራተኛ ናት።

ወደ መደበኛው መንገድ ተመለሱ። ቀድሞ ያገባ ሰው በልደት ምስክር ወረቀት ፈንታ የሟች የትዳር ጓደኛውን የሞት ምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት። አባትየው በሟች ባለቤቱ የትዳር ስም፣ ማለትም በእሱ የቤተሰብ ስም፣ ሲጠይቅ "መዝገብ የለም" የሚል መልስ መጣለት። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ዘግይቶ እንደታወቀው ሞቷ የተመዘገበው በአባቷ ስም ነው፤ በሞተችበት ከተማ መዝጋቢ ዘንድ በዚያ ስም ሲጠየቅ ቅጂው ተገኘ። ባይገኝ ኖሮ ሕጉ ሌላ በር ይተው ነበር፤ ሰነዱ ሊገኝ እንዳልቻለ፣ የሟቿን ስምና የሞተችበትን ቀን፣ አሁን ያለበትን ሁኔታ በመሐላ ማስፈር ይቻላል። ይህን ቀድመው ቢያውቁ ጭንቀቱ ይቀንስ ነበር።

እናቲቱ ደግሞ ልደቷ ጨርሶ አልተመዘገበም። ሕጉ በልደት ምስክር ወረቀት ምትክ የክርስትና ምስክር ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቱን ከካቶሊክ ደብሩ ያወጡላት አያትየዋ ናቸው። አሮጊቷ የተከራከሩለት ጥምቀት፣ ልጃቸው ተጋብታ ዳግም እንድትጠመቅ የሚያበቃው ማስረጃ ሆነ። ይህን ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ግን አስተውሎታል።

ማን ያጋባቸዋል የሚለውም ጥያቄ ነበር። የቅርንጫፉ ፕሬዚዳንት እንዲያጋባቸው የፈለጉ ነበሩ። በሕጉ የሃይማኖት አገልጋይ የሚያጋባው ሥልጣኑ ሲመዘገብና ከተጋቢዎቹ ቢያንስ አንዱ የዚያ ሃይማኖት አባል ሲሆን ነው። እነዚህ ሁለቱ ገና አልተጠመቁም። ስለዚህ ከንቲባው ዘንድ መሄድ ነበረባቸው።

ገንዘብን በተመለከተ ሚስዮናውያን ለሚያስተምሯቸው ሰዎች ገንዘብ እንዳይሰጡ ይመከራሉ፤ እዚህም አልሰጡም። የሰጡት ጊዜያቸውን ነው። ትራይሲክል የሚያሽከረክር ሰው አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት ከዋለ ያን ቀን ገቢ የለውም፤ ስለዚህ ሰልፍ መያዙን፣ የሥራ ሰዓት ማጣራቱንና ቅጽ ማምጣቱን እነሱና የቅርንጫፉ አባላት ተካፈሉት።

በዚህ መሃል አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ተዛወረ። አዲስ የመጣው የትኛው ወረቀት እንደቀረ አያውቅም፤ በመጀመሪያ ጉብኝቱ የተማሩትን ትምህርት ከሥር ጀመረላቸው፣ ቀጥሎም ስለ ጋብቻ እንደ አዲስ ጠየቃቸው። እናቲቱ ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ተጻፈ፤ የቀረው ሰነድ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚከታተለው፣ ዳግም የማይጠየቁ ጥያቄዎች። ያ ገጽ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መኖር ነበረበት።

ቡናና ሲጋራ

የጥበብ ቃል የሚባለው የ1833 እ.ኤ.አ. መገለጥ እንደሚተረጎመው አልኮል፣ ትምባሆ፣ ሻይና ቡና የተከለከሉ ናቸው። አባትየው በቀን አምስት ኩባያ ቡና ይጠጣል፣ ስኳርና ወተቱ ከቡናው ጋር ተቀላቅሎ በትንሽ ከረጢት የሚሸጠውን። ሲጋራ ደግሞ በቀን 12 ገደማ ያጨሳል።

የመጀመሪያው ሙከራ ሁለቱንም በአንድ ቀን መተው ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ራሱን ክፉኛ አመመው። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ካፌይን በድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን አካባቢ ይበረታል፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል። እሱ ግን ራስ ምታቱን የሲጋራው ነው ብሎ አጨሰ፤ ሲያጨስ ደግሞ በልማዱ ቡናው አማረው።

ሁለተኛው ሙከራ አንዱን ከሌላው ለየ። መጀመሪያ ቡና፤ በየሁለት ቀኑ አንድ ኩባያ ተቀነሰ፣ አምስተኛው ኩባያ በአሥረኛው ቀን ጠፋ። በቡናው ቦታ የገቡት ተቆልቶ የሚፈላ ሩዝና "ሲክዋቴ" የሚባለው የአካባቢው ትኩስ ካካዎ ናቸው። ትኩስ ነገር በእጅ መያዙ ራሱ ከልማዱ ግማሹ ነበር። የማለዳው ኩባያ መጨረሻ ላይ ነው የወጣው፤ እሱን መጀመሪያ የሚያስወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይሳካለትም።

ሲጋራው ቀን ተቆርጦለት በአንድ ጊዜ ተተወ። የሚያጨሰው መቼ እንደሆነ ለሦስት ቀን ሲመዘግብ ከ12ቱ ዘጠኙ ተራ ጠብቆ በሚቆምበት ቦታ እንደሆነ ተገኘ። ስለዚህ ተራ የሚጠብቅበትን ቦታ ቀየረ፤ ከማያጨስ አንድ ሾፌር አጠገብ መቆም ጀመረ። ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሁለቱም ማዘጋጃ ቤት ደርሶ ባዶ እጁን በተመለሰባቸው ቀናት ነው። ቀኑ ባይራዘም ኖሮ ግን ገና ሲጋራ በእጁ እያለ ይጠመቅ ነበር፤ የተጨመሩት ሳምንታት ለዚህ ጠቅመዋል።

ገንዳው

በ14ኛው ሳምንት ሐሙስ ከንቲባው ዘንድ ተጋቡ። አያትየዋ መጥተው ፈረሙ። ቅዳሜ ጥምቀቱ ሆነ፤ እሳቸው ግን ወደዚያ አልመጡም።

የገንዳው ወለል 2 በ3 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው እስከ ወገብ፣ ማለትም 1.1 ሜትር እንዲደርስ 6,600 ሊትር ያስፈልጋል። የዚያ ሕንፃ ቧንቧ በደቂቃ 20 ሊትር ይሰጣል፤ ይህ አምስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ቧንቧው የተከፈተው ግን ጥምቀቱ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ነበር። በተጀመረበት ሰዓት የገባው 4,200 ሊትር፣ ጥልቀቱም 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ልጆቹና እናቲቱ ያለ ችግር ተጠመቁ። አባትየው ከባድ ሰው ነው፤ አጥማቂው ቀጭን ወጣት። ውሃ ጥልቅ ከሆነ የሰውን ክብደት ራሱ ይሸከማል፤ ጥልቀት ሲያንስ ግን ክንድ ላይ ይወድቃል። አጥማቂው ቀኝ እጁን አንስቶ ሙሉ ስሙን ጠርቶ ጸሎቱን አደረሰ፣ ወደ ኋላ አስተኛው፤ የግራ ጉልበቱ ከውሃው በላይ ቀረ። በዚህ ሥርዓት ሙሉ አካል፣ ፀጉርና ልብስ ጭምር ካልሰጠመ ከጸሎቱ ጀምሮ ይደገማል። ከሁለቱ ምስክሮች አንዷ በስድስተኛው ሳምንት ሱቁ ፊት ተቀምጣ ያወራችው ሴት ነበረች፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተጠመቀ አባል ሁሉ፣ ሴትም ሆነ ልጅ፣ መመስከር ይችላል። እሷም አልሰጠመም በማለት ራሷን ነቀነቀች።

በሁለተኛው አባትየው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ አጠፈ፤ አጥማቂው በእግሩ ጣቶቹን ረገጠለት፣ እግሩ እንዳይንሳፈፍ። ነጩ ልብስም አየር ይዞ እንዳይነፋ ቀድሞ በውሃ ተጫነ። ሠራ። በማግስቱ እሁድ ማጽኛውን፣ ማለትም እጅ ተጭኖ የሚሰጠውን የአባልነት ማረጋገጫ፣ ተቀበሉ፤ አባልነት የሚመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሌላ ቦታ የሚያገለግለው

"ተጋብታችኋል?" የሚለው ጥያቄ አይሠራም፤ መልሱ ብዙ ጊዜ "አዎ" ነው፣ ሰዎቹም እየዋሹ አይደለም። የሚሠራው "ጋብቻችሁ የተመዘገበው የት ነው?" የሚለው ነው። ከሁለተኛው ትምህርት በፊት ይጠየቅ፤ የአካባቢውን ቋንቋ አፍ የፈታበት ሰው ይጠይቅ፤ እንደ ተራ ነገር ይጠየቅ። መልሱ "አልተመዘገበም" ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ የቀድሞ ትዳር ነው፤ አቋራጭ መንገድ ሁሉ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ስለዚህ ከዘመድ ምክር በፊት የመዝጋቢው መስኮት ይጠየቅ።

የጥምቀት ቀን የሚቆረጠው የመጨረሻው ሰነድ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለቤተሰቡ የሚሰጠው ቀን የጥምቀት ሳይሆን የወረቀት ቀን ይሁን፤ "በዚህ ሳምንት የሞት ምስክር ወረቀቱን እንጠይቃለን" የሚል። የተሰረዘ ጥምቀት አንድ ሰው እንደተናቀ እንዲሰማው ያደርጋል፤ የዘገየ ወረቀት ግን ማንንም አያሳፍርም።

ቤት ውስጥ የሚቃወም ሽማግሌ ካለ ክርክር አይከፈት። እዚህ አያትየዋ የተባበሩት ሚስዮናውያኑ ስለ ጥምቀት መናገር ካቆሙ በኋላ ነው።

ገንዳው ከመሞላቱ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ 10 ሊትር ባልዲ ቧንቧው ሥር ተቀምጦ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይለካ። 30 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 20 ሊትር ነው፤ የወለሉ ስፋት በካሬ ሜትር በ1.1 ተባዝቶ፣ ወደ ሊትር ለመለወጥ በ1,000 ተባዝቶ፣ በዚህ ፍጥነት ሲካፈል ስንት ደቂቃ ቀድሞ መክፈት እንደሚገባ ይታወቃል። በሚሞላበት ጊዜ ሁሉ አንድ አዋቂ ሰው አጠገቡ ይቆያል፣ ሥርዓቱ እንዳበቃም ወዲያው ይፈሳል፤ ከቤቱ ውስጥ የሚሯሯጥ የአራት ዓመት ልጅ አለ።